ከመስመሩ አንድ እርምጃ በፊት

ሰዓደት በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የምታስቀምጠው አንድ ፎቶ አለ። በኖራ የተሰመረ ነጭ መስመር፣ ከመስመሩ ማዶ ሁለት ልጃገረዶች ከጀርባቸው። አንደኛዋ አንገቷን መለስ አድርጋ ወደ ኋላ ታያለች። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ የመለያቸው ቁጥር ይነበባል፣ ከእግራቸው ሥር የተነሳው አቧራ እንኳ ይታያል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው። የተነሳው ዘግይቶ ነው።

አንገቷን የመለሰችው ሀፍሷ ናት፣ የሰዓደት የሟች እህቷ ልጅ። አሰልጣኝ ከበደ የሚባሉ ሰው በየዓመቱ የመርካቶንና የአካባቢዋን ልጆች ስምንት መቶ ሜትር እያስሮጡ ሁለት ብቻ ወደ ክለባቸው ይወስዱ ነበር። የዚያን ዓመት ሀፍሷ ከሌላ ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆና ገባች። ዳኞቹ ከተከራከሩ በኋላ ሦስተኛ ናት አሉ። አሰልጣኙ ሜዳው ዳር ካሜራ ይዛ የቆመችውን ሰዓደትን አይተው፣ "አንስተሻል አይደል? አሳጥበሽ አምጪና እንየው" አሏት። ፊልሙ እስኪታጠብ ሦስት ቀን ፈጀ። ሲታጠብ ሁለት ጀርባ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ሰዓደት ስለዚያ ፎቶ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ቆርቆሮውን ግን ከመደርደሪያው አውርዳ ስትከፍተውና መልሳ ስትዘጋው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ያኔ ከፎቶ ቤቷ ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት ለአንድ የስፖርት ጋዜጣ እጽፋለሁ። ሰዓደት "መምህሩ" ትለኛለች፤ ከውጭ በመጣ ዕቃ ላይ የተጻፈ ነገር ሲኖር ተሻግሬ የማነብላት እኔ ነበርኩ።

አባቷ ከስልጤ አገር መጥተው መጀመሪያ ጨርቅ የነገዱ፣ ኋላ ፎቶ ማንሳት የተማሩ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ከጭድ ተራ ወረድ ብሎ ነው። እሳቸው ሲያርፉ መጋረጃውንም፣ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያም፣ ደንበኛውንም እሷ ወረሰች። ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። ዋናው እንጀራዋ ግን ሠርግ ነበር። በሰፈራችን የሙስሊም ሠርግ ሲሆን ሴቶቹ ለብቻቸው ናቸው፤ ወንድ ፎቶ አንሺ እዚያ ድርሽ አይልም። ሂጃባቸውን አውልቀው፣ ሂናቸውን ተቀብተው፣ ወርቃቸውን አጥልቀው የሚጨፍሩትን ሴቶች የምታነሳው ሰዓደት ናት። ፊልሙን ወስዳ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ታሳጥባለች፤ በታሸገ ፖስታ አድርጋ ለሙሽራዋ እናት በእጇ ታስረክባለች። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ፎቶ እንኳ ወደማይገባው ሰው እጅ አልወጣም።

ሠርግ ላይ የሚሮጥ ሰው የለም። ሰዓደት "ወደኔ!" ስትል ጭፈራው ለአፍታ ይቆማል፣ ፊት ሁሉ ይዞርላታል። ሀፍሷ እናቷ ከሞተችበት ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ከአክስቷ ጋር በየሠርጉ ስትዞር አደገች። ብርሃን ሲለካ፣ ፊልም ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ሲተርፍ፣ ካሜራው ፊት የምትቆመው እሷ ነበረች። "ወደኔ እዪ" ሲሏት አገጯን ከፍ፣ ዓይኗን ሌንሱ ላይ፣ ትንፋሿን ዋጥ። በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ከወተት ጥርሷ ጀምሮ ሁሉም ዕድሜዋ ተሰቅሎ ነበር፤ ሁሉም ፊት ለፊት እያየ።

አሁን አሥራ ሰባት ሞልቷታል። ክለቡ ከአሥራ ስምንት በላይ አይወስድም። ስለዚህ የሚሌኒየሙ በዓል ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የተጠራው ውድድር ለእሷ የመጨረሻው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ጅዳ ነው። የሰዓደት ወንድም ባህረዲን ፓስፖርቷን አስወጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል። ክፉ ሰው አልነበረም። "እግሯ ካላበላት እጇ ያብላት" ነበር የሚለው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ውድድሩ እሑድ ነው። ሰዓደት ዓርብ ረፋድ ላይ መንገዱን ተሻግራ መጣች።

"መምህሩ፣ ተነስ። ካሜራ ልገዛ ነው።"

ሁልጊዜ የምታደርገው የእናቷ የወርቅ አምባር እጇ ላይ የለም። የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኋትም።

"አምና በፊልም ነው የተሸወድኩት" አለች እየሄድን። "ይሄ ዲጂታል የሚሉት ፎቶውን እዚያው ከጀርባው ላይ ያሳያል። ዳኛው አጠገብ ቆሜ 'ይኸው' እለዋለሁ። ሦስት ቀን ብሎ ነገር የለም።"

ጋሼ ጀማለዲን የአባቷ ወዳጅ ናቸው። ራዲዮ፣ ሰዓት፣ ሞባይልና ካሜራ የታጨቀበት ሱቃቸው ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ይቆማል። ጉዳዩን ሰምተው ሁለት ካሜራ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። አንዱ መዳፍ የማይሞላ፣ ብር የመሰለ፣ ላስቲኩ ያልተላጠለት። ሁለተኛው ጥቁር፣ ጡብ የሚያክል፣ ጠርዙ የተፋፋቀ።

"ይሄ አዲሱ ነው፤ ከዱባይ ከመጣ ሳምንቱ" አሉ። "አሥር ሜጋፒክስል። ያኛው ያገለገለ ነው፤ አራት። ያለዎትን ሁሉ ያሳዩኝ ስላልሽኝ ነው ያወረድኩት።"

"ይሄ አሮጌው ምን ነካው እንዲህ የሚከብደው?"

"ሽማግሌ ነዋ።" ሳቅ አሉና ፊታቸውን መልሰው ኮስተር አደረጉ። "የውጭ አገር ጋዜጠኛ ኳስ ያነሳበት ነበር አሉ። ወላሂ፣ ሁለት ዓመት እዚህ ተኝቷል። ዱባይ ያለው ልጅ ከሌላ ዕቃ ጋር ደባልቆ ነው የላከብኝ። እኔ ያባትሽ ወዳጅ ነኝ ሰዓደት። ነገ ሰው 'ጀማለዲን ለወዳጁ ልጅ አሮጌ ዕቃ ጣለባት' እንዲለኝ አልፈልግም።"

ሰዓደት ወደ እኔ ዞረች። እኔም ከሳጥኑ ላይ ያለውን አነበብኩና የተማረ ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ "አሥር ከአራት ይበልጣል" አልኩ።

መርካቶ ነን እኮ። ኩንታል ከግማሽ ኩንታል ይበልጣል፤ ስድስት ሜትር ጨርቅ ከአራት ሜትር ይበልጣል። ካሜራም ቁጥር ከተጻፈበት በቁጥሩ ነው የሚመዘነው። ጋሼ ጀማለዲንም ሊያታልሏት አልነበረም፤ እኔም ልመጻደቅ አልነበረም። ሁለታችንም ከልባችን ነበር የተሳሳትነው።

ሰዓደት አዲሱን አንስታ በሳቸው ላይ ደቀነች። ጋሼ ጀማለዲን ኮፍያቸውን አስተካክለው ትንፋሻቸውን ያዙ። ፎቶው ወጣ፤ የጢማቸው ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል።

"አየሽ?" አሉ።

"እርስዎ አይንቀሳቀሱማ። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ልሞክረው።"

"ግዢና ሞክሪያ።"

"ግድግዳው ላይ 'ከሱቅ የወጣ ዕቃ አይመለስም' ብለው ጽፈዋል።"

"እሱ ለሌላ ሰው ነው።"

"ታዲያ ለኔ ይመለስልኛል?"

ጋሼ ጀማለዲን ጥቂት አሰቡ። "ላንቺም አይመለስም" አሉ።

ሰዓደት ካሜራውን ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው፤ እጇን ግን አላነሳችም። "ጋሼ ጀማል፣ እሑድ አንዴ ነው የምጫነው። አንዴ። እሱ ካመለጠኝ ልጅቷ ትሄዳለች። እያወቁ እንዲህ አያድርጉኝ።"

ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ። አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ዓርብ ነው፣ ለጁምዓ መዘጋጀት አለባቸው። በመጨረሻ መጥረጊያውን በሱቁ በር ላይ አጋደሙ። በእኛ ሰፈር መጥረጊያ የተጋደመበት ሱቅ ቁልፍ ከተቆለፈበት እኩል ነው፤ ማንም አይሻገረውም። አዲሱን ካሜራ ኪሳቸው ከተቱ፤ የአሮጌውን ማንገቻ አንጓቸው ላይ ሁለት ዙር ጠመጠሙ።

"እኔ ራሴ እሄዳለሁ" አሉ። "ዕቃውም ከኔ አይለይም።"

የሄድነው ወደ እህል በረንዳ ነው። የመረጠችው ሰዓደት ናት፤ ለምን እንደሆነ እስክንደርስ አልገባኝም። አንድ አይሱዙ ስንዴ እያራገፈ ነበር። ከመኪናው ጀርባ እስከ መጋዘኑ በር ሳንቃ ተጋድሟል። ተሸካሚዎቹ ኩንታሉን ጀርባቸው ላይ እየተቀበሉ በሳንቃው ላይ ይወርዳሉ፤ የሚወርዱትም እየሮጡ ነው፤ ኩንታል ተሸክሞ ሳንቃ ላይ የቆመ ሰው ይወድቃልና። "ዘወር! ዘወር!" እያሉ ከበሩ መቃን ጋር ሲደርሱ ደረታቸው ቀድሞ ጨለማው ውስጥ ይገባል።

"ያቺ መቃን መስመሯ ናት" አለች ሰዓደት። "ደረቱ ከመቃኗ ሲደርስ መያዝ አለብኝ።"

አዲሱን ተቀበለች። የመጀመሪያው ተሸካሚ ወረደ። ደረቱ ከመቃኑ ሲደርስ ተጫነች። ስክሪኑ ላይ የታየው መቃኑ ብቻ ነው። ሁለተኛው ወረደ፤ መቃኑና አንድ ተረከዝ። ሦስተኛው፤ መቃኑ። አራተኛው፤ የጆንያ ጭራ።

"ቶሎ ተጫኚ እንጂ" አሉ ጋሼ ጀማለዲን።

"ቶሎ ነው የምጫነው።"

"አምጪው።" ወሰዱና ራሳቸው ሞከሩ። ባዶ በር ወጣላቸው። "ሰውየው ፈጣን ነው" አሉ።

ከመጋዘኑ እየወጣ የነበረው ጎረምሳ ላቡን በክንዱ ጠረገ። "ጋሼ፣ ኩንታል ተሸክሜ እኮ ነው" አለ። "ባዶዬን ብሆን ምን ሊውጠው ነው?"

ጓደኞቹ ሳቁ። አንዱ፣ "እትዬ፣ ጉርድ ነው ሙሉ ቁመት?" አላት።

ሰዓደት አልሳቀችም። ፊቷ የአምናው ፎቶ ከፖስታው የወጣላት ቀን የነበረውን ዓይነት ሆኖ ነበር። እኔ ከካሜራው ጋር የመጣውን መጽሐፍ እያገላበጥኩ ነው፤ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አገኘሁት። ትንሹ ካሜራ ቁልፉ ከተነካ በኋላ ያስባል። ብርሃኑን ይለካል፣ ርቀቱን ያስተካክላል፣ ከዚያ ነው የሚያነሳው። ግማሽ ሰኮንድ ይፈጅበታል። ስምንት መቶ ሜትር የምትጨርስ ልጅ በግማሽ ሰኮንድ ውስጥ ሦስት ሜትር ትሄዳለች። ይህንን ስነግራቸው ጋሼ ጀማለዲን ካሜራውን አገላብጠው አዩት፤ የሚያውቁት ሰው ዋሽቶ የተገኘባቸው ይመስሉ ነበር።

"አሮጌውን ይስጡኝ" አለች።

ማንገቻውን ከአንጓቸው አልፈቱም። ስለዚህ እሷ ስታነጣጥር ክንዳቸው አብሮ ይነሳል፣ እሷ ስታወርድ ይወርዳል። ጎረምሳው ከሳንቃው ላይ ሆኖ፣ "ጋሼ፣ ካሜራው ነው የያዘዎት ወይስ እርስዎ ነዎት የያዙት?" አለና ኩንታሉን ተቀብሎ ወረደ።

ትር-ትር-ትር-ትር።

ስክሪኑ ትንሽ ነበር፣ ከቴምብር ብዙም የማይበልጥ። ሰዓደት ነጠላዋን ጣል አድርጋ አጥልታበት ነው ያየነው። እግሩ ሳንቃው ላይ። እግሩ አየር ላይ። ደረቱ መቃኑ ላይ፣ ልክ መቃኑ ላይ። ጆንያው ጎኑ ላይ ተበስቶ ነበር፤ ከቀዳዳው የፈሰሰው ስንዴ ገና መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል።

ሰዓደት እንደገና አነጣጠረች። ቀጣዩ ወረደ፤ ገና ከመኪናው ሲለቅ ጀምራ ተጫነች። ትር-ትር-ትር እያለ ሄደና ሰውየው መሐል ሳንቃ ላይ ሲደርስ ካሜራው ዝም አለ። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ተጫነችው፤ አልሰማትም። ሰውየው በሩን አልፎ ገባ።

"አላልኩሽም?" አሉ ጋሼ ጀማለዲን። "ታማሚ ነው።"

ስክሪኑ ላይ የወጣውን አነበብኩላቸው። አልታመመም፤ በተከታታይ አሥር ካነሳ በኋላ ያነሳውን ወደ ካርዱ እስኪገለብጥ ይቆማል። ሰዓደት ቀይ መብራቱ እስኪጠፋ በጣቷ ቆጠረች። ሃያ።

"አሥር ፎቶ" አለች። "ቀድሜ ከጀመርኩ መስመሩ ላይ ሳይደርሱ ያልቅብኛል። ዘግይቼ ከጀመርኩ እንዳምናው ነው።"

ከታላቁ አንዋር መስጊድ አዛኑ ተሰማ። ጋሼ ጀማለዲን ወደዚያ ዞረው አዩ፣ ከዚያ ወደ እሷ። "አንቺ ወስኚ" አሉ። "እኔ ከዚህ በኋላ ምክር የለኝም።"

አሮጌውን ገዛች። በሕይወቴ ዕቃ ሸጦ እንዲያ የተከፋ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ማንገቻውን ከአንጓቸው እየፈቱ ቁልፎቹን አሳዩአት፤ የመጨረሻው ትንሽ የቆሻሻ ቅርጫት የተሳለበት ነበር። "የማትፈልጊውን ይቺን ተጭነሽ መጣል ነው። እንደ ፊልም አይደለም፣ ዱካ የለውም" አሉና እየተቻኮሉ ወደ መስጊድ ሄዱ።

ቅዳሜን ሙሉ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆማ የሚያልፉ ሚኒባሶችን ስታነሳ ዋለች። ረዳቶቹ ሰደቧት፤ አንዱ ትራፊክ ፖሊስ መስላው ከሰው ጋር ጨዋ ሆነ።

እሑድ ጠዋት ሜዳው ጭቃው ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኗል። ሰዓደት አምና የቆመችበት ቦታ ቆመች፣ ከመጨረሻው መስመር በስተውስጥ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ። ከመስመሩ ስምንት እርምጃ ወደ ኋላ ቆጥራ የእጅ ጭብጥ የምታክል ድንጋይ አስቀመጠች። ልጆቹ ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ትጫናለች፤ ያን ሳያልፉ አትነካውም።

ሀፍሷ ሹራቧን አውልቃ ሰጠችኝ። ቀጭን ልጅ ናት፣ ጸጥ ያለች። "አክስቴ ተዘጋጅታለች?" አለችኝ።

"ተዘጋጅታለች። አንቺስ?"

"እኔ ምን አለብኝ፣ መሮጥ ነው" አለች።

ሁለት ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ጀሚላ የምትባል ረጅም ልጅ ለብቻዋ ወጥታ ነበር፤ አንደኝነቱ አለቀ። ትግሉ ለሁለተኛው ቦታ ሆነ። በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሁለት ብቻ ቀሩ፦ ሀፍሷና ኢየሩስ የምትባል አጠር ብላ ደረቷ ሰፋ ያለ ልጅ።

ጀሚላ ድንጋዩ ጋ ደረሰች። ሰውም ጮኸ። የሰዓደት ጣት ቁልፉ ላይ ነበር። አሁን ከተጫነች ቀይ መብራቱ ይበራና ሃያ እስኪቆጠር ካሜራው ድንጋይ ነው። ጀሚላ መስመሩን አለፈች። ሰዓደት አልተጫነችም።

ሁለቱ መጡ። ሀፍሷ በውስጥ በኩል ናት፣ በእኛ በኩል። ግማሽ ደረት ትቀድማለች። ድንጋዩ ጋ ደረሱ።

ትር-ትር-ትር-ትር-ትር።

አለፉ። ካሜራው ዝም አለ። ቀዩ መብራት መብለጭለጭ ጀመረ።

አንደኛው ዳኛ "ሀፍሷ" አለ። ሁለተኛው "ኢየሩስ" አለ። ሦስተኛው ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነበር አለ። የኢየሩስ ታላቅ ወንድም ገመዱን ዘልሎ ገባ፤ ሰዎች ያዙት። አሰልጣኝ ከበደ ዙሪያቸውን ሲያዩ ሰዓደትን አዩና ወደኛ መራመድ ጀመሩ።

ቀዩ መብራት አሁንም ይበልጭለጫል። ሰዓደት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። ጠፋ። ነጠላዋን አጥልታ ስክሪኑን ከፈተች፤ እኔም ከትከሻዋ በላይ አየሁ።

ሦስተኛው ፎቶ፦ ሀፍሷ ግማሽ ደረት ትቀድማለች። አራተኛው፦ አሁንም ትቀድማለች፣ መስመሩ አንድ እርምጃ ቀርቷታል። አምስተኛው፦ የሀፍሷ ፊት። ሙሉ ፊቷ፣ ወደኛ የዞረ፣ አገጯ ከፍ ብሎ፣ ዓይኗ ሌንሱ ላይ። አንገቷ ሲዞር ትከሻዋም አብሮ ዞሯል። ስድስተኛው፦ የኢየሩስ ደረት መስመሩ ላይ። የሀፍሷ ደረት አልደረሰም።

ሰዓደት ወደ አምስተኛው ተመለሰች። እንደገና ወደ ስድስተኛው ሄደች። አውራ ጣቷ ወረደና ቅርጫቷ ላይ አረፈ።

ካሜራው አሮጌ መሆኑን ሰው ሁሉ አይቷል። "ቀይ መብራት በራብኝ" ብትል የሚጠራጠራት የለም። ዳኞቹ እንደገና ይከራከራሉ፤ ምናልባት ለሀፍሷ ያደላ ይሆናል። እውነቱን ልናገር፤ እኔ እንድትጫነው ፈልጌ ነበር። በልቤ "ተጫኚው" እላት ነበር።

ሀፍሷ እያለከለከች መጣች። "አክስቴ፣ ያዝሽኝ?"

"ያዝኩሽ" አለች ሰዓደት።

አሰልጣኙ ደረሱ። "እህቴ፣ ፎቶ አለ?"

ጣቷን አነሳች። ካሜራውን ሰጠቻቸው።

እሳቸው ረጅም ጊዜ አዩት። ወደፊት፣ ወደ ኋላ። "ኢየሩስ ናት" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሀፍሷ እዚያው ኖራው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ጉልበቷን አቅፋ የጫማዋን ክር ማየት ጀመረች። አሰልጣኙ ግን ካሜራውን አልመለሱም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ሰዓደትን። "እየቀደመች ነበር እኮ። እዚህ ጋ ማንን ነው የምታየው?"

ሰዓደት ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። "እኔን ነው።"

"አንቺን?"

"ካሜራውን። ከሕፃንነቷ ጀምሮ 'ወደኔ እዪ' እያልኩ ያስለመድኳት እኔ ነኝ።"

"አምናስ የት ነበር የቆምሽው?"

"እዚሁ።"

ያን ጊዜ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ፎቶ ትዝ አለኝ፤ አንገቷን መለስ ያደረገችው ልጅ። ሁላችንም የቀደመቻትን ልጅ የምታይ ነበር የመሰለን። ሰዓደትን አየኋት፤ እሷም እዚያው ፎቶ ላይ እንደደረሰች ከፊቷ ታወቀኝ። ዓመቱን ሙሉ ዘገየሁ ብላ ራሷን ስትወቅስ ነበር። መዘግየቷ አልነበረም። እዚያ መቆሟ ነው።

አሰልጣኝ ከበደ ሀፍሷን ቁልቁል ተመለከቷት፤ አራተኛውን ፎቶ እንደገና አወጡና አዩ። "ሁለቱ ቦታ ተይዟል" አሉ። "ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ልምምድ አለ። ትምጣና ትሩጥ፤ አያታለሁ። ቃል አልገባም።" ካሜራውን ለሰዓደት መለሱላት። "አንቺ ግን አትምጪ።"

"አልመጣም" አለች።

ሀፍሷ ማክሰኞ ሄደች። ባህረዲን ሳጥኑን ሳይከፍት ሦስት ወር ጠበቀ፤ በሦስተኛው ወር አሰልጣኙ ስሟን መዘገቡ። ፓስፖርቱ እዚያው ሳጥን ውስጥ ጊዜው አለፈ። ስድስት ዓመት ለክለቡ ሮጠች፤ ስሟ ከአገር አልወጣም፤ ግን በእግሯ ኖረች።

ሰዓደት በዚያ አሮጌ ካሜራ የስፖርት ሰው ሆነች። ጋዜጣችን ኳሱንም፣ ቡጢውንም፣ ብስክሌቱንም እሷ ያነሳችውን አተመ። በኋላ የተሻለ ካሜራ ገዛች፤ ጋሼ ጀማለዲን እስኪያርፉ ድረስ ዕቃ ለመምረጥ የሚጠሩት እሷን ነበር፣ ለደንበኛም "አሥርና አራቱን ተወው፣ እህል በረንዳ ሄደህ ሞክር" ይሉ ነበር። ሀፍሷ የምትሮጥበት ቀን ግን ሰዓደት ፎቶ ቤቷን ከፍታ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ እስከ ስታዲየሙ በር ሄዳ ካሜራዋን ለዘበኛው ሰጥታ ቆመች። ጩኸቱን ሰማች። አልገባችም፤ ተመልሳ መጣች።

የሀፍሷ ሠርግ ላይ የሴቶቹን በኩል ያነሳችው እሷ ናት። እኔ በወንዶቹ በኩል ነበርኩና አላየሁም፤ አልበሙም የሴቶቹ ነው፤ በውስጡ ያለውን የነገረችኝ ሰዓደት ናት። ሰባ የሚሆን ፎቶ አለ። በአንዱም ላይ ሀፍሷ ወደ ካሜራው አታይም። ሁሉም ላይ ዓይኗ ፊት ለፊቷ፣ አንገቷ ቀጥ ያለ። አሰልጣኙ ያን ልማድ ከውስጧ ነቅለው አውጥተውታል። የሙሽራው እናት፣ "ሙሽራዋ አኩርፋለች እንዴ? ወደዚህ እዪ በያት እንጂ" ብለው ነበር አሉ።

ሰዓደት፣ "ይተዉአት" ብላ ማንሳቷን ቀጠለች።